የስምንት እጅ ጉርሻ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ሦስተኛው ሳፋ። የመጀመሪያው ፕላስቲክ ነበር፤ ሕፃን ገላ ሲታጠብ መሰለ። ሁለተኛው ቆርቆሮ፤ ጮኸ። ይኼኛው የድሮ ኢናሜል ነው፣ ጠርዙ የተላላጠ፤ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ አሮጌ ዕቃ ከምትሸጥ ሴትዮ የገዛሁት። ውኃ እስከ ግማሽ። ስትሮ በአፌ። እነፋለሁ። አረፋ ይወጣል።

የፊልሙን ነገር በቅጡ ነግሬህ አላውቅም፣ ደብተር። ሰባት ደቂቃ ነው። በእጅ የተሳለ ካርቱን። ንግግር የለውም፤ መሮጥ፣ መውደቅ፣ በጥፊ መማታት ብቻ፤ ሁሉም ከባሕር ሥር። እትዬ ስምንቴ የምትባል ኦክቶፐስ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ምሳ ትጠራለች። ታጎርሰዋለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ስለዚህ ትደግመዋለች። እጇ ስምንት ስለሆነ ግን ሁለት ላይ አትቆምም። ቆሮሶው ይሸሻል። እሷ ጉርሻዋን ይዛ ታሳድደዋለች። ታሪኩ ይኸው ነው።

የሳለው ናሆም ይባላል፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነው፤ ፒያሳ አሮጌ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ስቱዲዮ ብሎታል። ሀያት የምትባል ልጅ ድምፅ ትቀዳለች። እኔ ድምፁን በእጄና በአፌ እሠራለሁ። ሦስታችንም ባሕር አይተን አናውቅም። ናሆም ሀዋሳ ሄዶ ሐይቁ ዳር ሦስት ቀን ተቀምጦ መጣ። ያው ውኃ ነው ይላል።

አሁን የምጽፈውን ለአንተ ብቻ። ነፋሁ። ሀያት ከመስታወቱ ማዶ አውራ ጣቷን አነሳች፤ ተቀድቷል ማለቷ ነው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው መስመር ሲዘል አየሁ። አረፋው ሲፈነዳ አየሁ። አልሰማሁትም።

ቀጭን ድምፅ ከጆሮዬ ከራቀ ቆይቷል። ወፍራሙ አለ፦ ከበሮ፣ በር፣ የመኪና ሞተር፣ የወንድ ድምፅ። ወፍ የለም። ማንኪያ የለም። አረፋ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ለሬዲዮ ድራማ ድምፅ ሠርቻለሁ። ሽምብራ በወንፊት አዙሬ ዝናብ አዝንቤያለሁ፤ በሁለት የቀንድ ዋንጫ ፈረስ አስጋልቤያለሁ። ያ ሁሉ በዚህ ጆሮ ተመርጦ ነው። ካወቁብኝ አበቃልኝ። የማይሰማ ድምፅ ሠሪ ማን ይቀጥራል? ደግሞ የደመወዙ ነገር አይደለም፤ ጡረታዬ ያኖረኛል። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፤ መኮንን ማለት ይኸው ነው።

እስካሁን አላወቁም። ሆድ ይፍጀው።


ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ዘዴ አግኝቻለሁ። በዓይኔ እሰማለሁ። አረንጓዴው መስመር ወደ ቀይ ከገባ በዛ፤ ከመሐል በታች ከቀረ አነሰ። ቀጥሎ የሀያትን ቅንድብ አያለሁ። ከተነሳ እደግማለሁ። የአራዳ ልጅ ዘዴ አያጣም።

ሀያት ሁልጊዜ ጥሩ ነው ጋሼ ትላለች። ክፉ ቃል የሚባል አታውቅም ያቺ ልጅ። ጥሩ ነው ካለች በኋላ ግን እርሳስ አንስታ የሆነች ነገር ትጽፋለች። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ዛሬ ግን ጉድ ሆኜ ነበር። ጠዋት ጥጉ ላይ ያለችው ቡና ቤት ማኪያቶ አዘዝኩ። ባንኮኒው ጋ ቆሜ ማሽኑን አያለሁ። እንፋሎቱ ወተቱ ውስጥ ይገባል፣ ይፈላል፤ ያ ጆሮ የሚበሳው ጩኸት የለም። ማሽኑ ተበላሽቷል እንዴ አልኳት ልጅቷን። ማሽኑን አየች። እኔን አየች። ደህና ነው አባባ አለች፣ ቀስ ብላ። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ዞሮ አየኝ። ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ሁለተኛ እዚያ ቤት አልገባም።

ማታ ቤዛ ቴሌቪዥኑን ቀንስ አባዬ፣ ጎረቤት ይሰማል አለችኝ። ቤዛ ልጄ ናት፤ ፋርማሲ ትሠራለች፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ነን። ይስማ አልኳት። እኔ ከሰማሁ ጎረቤት ምን አገባው?


ጥቅምት 7፣ ዓርብ

የጥፊው ቀን። ቆሮሶው እትዬ ስምንቴ ጭንቅላት ላይ ይደበቃል፤ እሱን ልትይዝ በስድስት እጇ ራሷን ትጠፈጥፋለች። ስድስት ጥፊ። እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ይፈልጋል። የጎማ ጓንት ነከርኩ፤ ደረቅ። ስፖንጅ ነከርኩ፤ ልል። የሚሆነው ጨጓራ ነው። ጥሬ የበሬ ጨጓራ ሳፋ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ የሚሰጠውን ድምፅ ሌላ ነገር አይሰጥም።

ዓርብ ግን ጾም ነው፤ የኛ ሥጋ ቤቶች ዝግ ናቸው። ሀያት አባቷ ሱቅ አጠገብ ካለው የሙስሊም ሥጋ ቤት በጥቁር ፌስታል ይዛ መጣች። ናሆም ጿሚ ነው፤ በዓርብ ምድር ጨጓራ ስቱዲዮው ውስጥ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። መምታት መብላት አይደለም አልኩት። እጅ ይነካል አለ። ጓንት አደርጋለሁ አልኩት። ጓንት ድምፁን ይለውጠዋል አለች ሀያት። ናሆም ለነፍስ አባቱ ደወለ። ነፍስ አባቱ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አስደግመው ሰሙና፣ ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው ልጄ ብለው ስልኩን ዘጉ። ፈቃድ ነው ብለን ተረጎምነው።

መታሁ። ሰማሁት! ወፍራም ነው፤ ሆድ ድረስ ይገባል። አንዱን በመዳፌ፣ አንዱን በእጄ ጀርባ፣ አንዱን ጨጓራውን አጥፌ። ስድስተኛው ላይ አምልጦኝ በረረና ናሆም ደረት ላይ ተለጠፈ። የጿሚው ደረት ላይ። ናሆም እጁን ወደ ላይ አንስቶ እንደተማረከ ወታደር ቆመ፤ በእጁ እንዳይነካው። ሀያት እያነባች ሳቀች፣ መቅዳቷን ግን አላቋረጠችም። እኔም ከልቤ ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ከዚያ እጄን ታጥቤ ስመለስ ሁለቱ ይንሾካሾካሉ። ስገባ ዝም። ናሆም ሸሚዙን እየጠረገ እሑድ እሑድ ቤት ነዎት ወይ አለኝ። ቤዛስ ደህና ናት ወይ አለ። ስለ ቤዛ ጠይቆኝ አያውቅም። ይመዝገብ።


ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ፀጉር ቤት። ተፈራ ከወጣትነቴ ጀምሮ ይህን ጭንቅላት ሲያስተካክል የኖረ ጓደኛዬ ነው። እኔን ሲያናግር ሁሌ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ ነው። ዛሬ ምንም አላወራም። ተፈራ ዝም ብሎ መቀስ ይዞ አያውቅም። ጨርሶ ጨርቁን ሲያራግፍ የፊታችን እሑድ ቤት ነህ አለኝ። ሀጂ ሸምሱን ይዤ እመጣለሁ አለ።

ሀጂ ሸምሱ የሀያት አባት ናቸው፤ ድልድዩ ጋ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። ሰፈር ውስጥ ዕርቅም ሽምግልናም ያለ እሳቸው አይሆንም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይልካቸዋል።

ሁለት ሽማግሌ። እሑድ። ናሆም ስለ ቤዛ ይጠይቃል። እኔ ፋራ አይደለሁም፣ ነቄ ነኝ። ልጄን ሊጠይቁ ነው።

ነገሩን እያብላላሁ ቸርችልን ቁልቁል ወረድኩ። ናሆም። ይጾማል፣ አይጠጣም፣ ታላቅ ያከብራል። ሥራው ኦክቶፐስ መሳል ነው፤ ይሁን፣ የኔስ ጨጓራ መምታት አይደል? ፀጉሩ ይረዝማል። ቤዛ ደግሞ ሃያ ዘጠኝ ሆኗታል፤ ስለ ሰው አንስታልኝ አታውቅም። ትንሽ ከፋኝ። ቤቱ ባዶ ሊሆን ነው። ከዚያ ደግሞ ደስ አለኝ። ለእሷ ምንም አልነገርኳትም፤ ሽማግሌ ሳይመጣ ወሬ አይቀድምም።

የሚጠቅመኝም ነገር አለ፣ ላልዋሽህ። አማቱን ከሥራ የሚያባርር የለም።


ጥቅምት 16፣ እሑድ፣ ከሰዓት 11 ሰዓት

መጡ፣ ሄዱ። ትኩሱን ልጻፈው።

ቤዛ ተረኛ ስለሆነች ቤት የለችም፤ ጥሩ ሆነ። ተፈራ ኮት ለብሷል። ተፈራ ኮት! ሀጂ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ገቡ። ተቀመጡ ብል እምቢ አሉ፤ በሩ ጋ ቆሙ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ወጉ ነው። ጥርጣሬ ቢኖረኝ እዚህ ላይ አለቀ።

ሀጂ ጀመሩ። የመጣንበት ጉዳይ ከባድ ነው አሉ። ልጆቹ ፊት ለፊት መናገር አፍረው፣ ከእኛ አፍ ቢሰማው ይሻላል ብለው ነው አሉ። ተፈራ ምንጣፉን ያያል።

እዚህ ላይ እጄን አነሳሁ። በመጀመሪያ ቀን ሁሉን አስወርቶ እሺ የሚል አባት ልጁን ያረክሳል። አማቴ ነፍሳቸውን ይማረውና የኔን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ አመላልሰዋቸዋል፤ አንዱን ቀን ዝናብ ላይ። ስለዚህ ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ፣ መናገር አያስፈልግም አልኩ። ተፈራ ቀና አለ። ታውቃለህ? አለኝ። ካወቅሁ ቆየሁ አልኩት፤ ዓይን የለኝም እንዴ? ሀጂ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አልሐምዱሊላህ አሉ። ይህ ግን በአንድ ቀን የሚመለስ ነገር አይደለም፣ ሁለት ሳምንት ስጡኝ፣ ልምከርበት አልኩ። የሚገባ ነው፣ የሚገባ ነው ተባባሉ።

ከዚያ ተቀመጡ። ለስላሳ ከፈትኩላቸው። ሀጂ እንደርስዎ ያለ ትልቅ ሰው አላየሁም አሉኝ። ተፈራ ሲወጣ አቀፈኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ልጄን እንዲህ የሚወድ አይመስለኝም ነበር።


ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ስቱዲዮ። ናሆም በሩ ላይ ተቀብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። ስለሁሉም እናመሰግናለን ጋሼ አለ። እናመሰግናለን የሚለው ቤተሰቡን ይዞ ነው ብዬ አሰብኩ። ፀጉርህን ተስተካከል አልኩት። እሺ አለ፣ ግራ ገብቶት።

ሀያት የድምፅ ዕቃዎቼን ሻንጣ ከፍታ እያንዳንዱን ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። ወንፊቱ፣ ዋንጫዎቹ፣ የሸራው ቁራጭ፣ የዛገው ማጠፊያ። ሁሉንም ጻፈች። ደስ ብሎኝ አስረዳኋት።

አረፋ አልነፋሁም ዛሬ። ሀያት አረፋው አልቋል አለች። ኧረ መቼ?


ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ለቤዛ ነገርኳት። እራት ላይ ነበርን። መጀመሪያ ሳቀች። ማንን ነው የምትለው አባዬ አለች። ናሆምን አልኳት። ሳቋን አቆመች። ከሰላምታ በቀር ቃል ተለዋውጠን አናውቅም አለች። እሱ ሰው ልኮ እኔ ሳልጠየቅ አንተ ሁለት ሳምንት ስጡኝ ትላለህ? እኔ ቀጠሮ የሚሰጥብኝ ዕቃ ነኝ? ምን ብለው ጠየቁህ፣ ቃል በቃል ንገረኝ አለች።

አሰብኩ። ቃል በቃል ምንም አላሉም። ስሟንም አላነሱም። እኔ ነኝ ያቋረጥኳቸው።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ስቱዲዮ እሄዳለሁ አለች። አትሂጂ፣ ነውር ነው አልኳት። ሳህኗን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።


ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

በቅደም ተከተል ልጻፍ። 

ቤዛ ስቱዲዮ ደርሳ ማታ ቤት መጣች። ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንዲያርፍ ወንበሯን አዞረች፤ ቀስ ብላ ተናገረች። ሁልጊዜ እንዲህ አድርጋ እንደምታናግረኝ ዛሬ ነው ያየሁት። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። የመስከረም ቅጂዎች ናቸው፣ ሀያት ናት የሰጠችኝ አለች። መስመሩ ይዘላል። እኔ ምንም። ጨመረችው። ምንም።

ከዚያ ነገረችኝ። አረፋው ጥሩ ነው፤ ከአረፋው ጋር ግን ሌላ ድምፅ አለ። ፉጨት። ቀጭን፣ ረዥም። የአፍንጫዬ።

ከወጣትነቴ ጀምሮ ስነፋ አፍንጫዬ ያፏጫል። ሬዲዮ ቤት ያሾፉብኝ ነበር። ያን ጊዜ ስለምሰማው በጣቴ እይዘው ነበር። መስማቴ ሲቀር መያዙንም ተውኩት። እትዬ ስምንቴ ባሕር ሙሉ እያፏጨች ነው የምትሄደው። ሀያት ስትሰማው የነበረው፣ በእርሳስ ስትጽፈው የነበረው እሱን ነው። ከመስከረም ጀምሮ ከሥራ ሰዓት በኋላ ብቻዋን እየቆየች አረፋዎቹን አንድ በአንድ በራሷ አፍ ደግማቸዋለች። ጥሩ ነው ጋሼ እያለችኝ።

ለትልቅ ሰው ጆሮዎ አይሰማም ብሎ መናገር አቃታቸው። መከሩ። ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ናሆም ቤዛ ደህና ናት ወይ ያለውም ቤት ብቻዬን እንዳልሆንኩ ሊያጣራ ነው።

እኔም ለሽማግሌዎቹ አውቃለሁ፣ ካወቅሁ ቆየሁ፣ ዓይን የለኝም እንዴ አልኳቸው። ፀጉርህን ተስተካከል አልኩት ልጁን!

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የኔውስ ጭራሽ አገር ጥሎ ሄዷል። አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።


ጥቅምት 21፣ ዓርብ

አልሄድኩም። ስልኩን ዘጋሁ።

የሚያውቁትን ቆጠርኩ። ሀያት። ናሆም። ቤዛ። ሀጂ። የማኪያቶዋ ልጅ። ተፈራ። ተፈራ በመስታወት እያየኝ የሚያወራው ለካ ከንፈሩን እንዳነብ ነው። እኔ ደግሞ ስደብቅ ኖሬያለሁ ብዬ። እኔ የማላውቀውን እኔነቴን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ አላውቅም። እንደ እንቁላል ያዙኝ፤ ይሉኝታ ብለው ሁለት ወር አሾፉብኝ። ከዚያ ደግሞ ሀያት ብቻዋን ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ ስትነፋ ትታየኛለች። ማን አሾፈ?

አለቀስኩ። ተጻፈ፣ አበቃ።


ጥቅምት 24፣ ሰኞ

የጆሮ ሐኪም። ቤዛ ይዛኝ ሄደች። ጠባብ ክፍል፣ ማዳመጫ፣ ስትሰማ ቁልፉን ተጫን። ብዙውን ጊዜ ዝም ብዬ ቁልፉን ይዤ ተቀመጥኩ። ዶ/ሩ ወጣት ነው። ወረቀቱ ላይ መስመር አሳየኝ፤ እስከ መሐል ደህና ይሄድና ቁልቁል ይወርዳል፣ እንደ ቸርችል። የሄደው አይመለስም አለ። መሣሪያ ለንግግር ይረዳኛል። ለአረፋ አይሆንም።

የኔ ሥራ ድምፅ ነው አልኩት። በአክብሮት ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝ። ሁሉም ሰው አክብሮት ይዞኛል።


ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ናሆም ፊልሙን በቤዛ በኩል ላከልኝ። ያለ ድምፅ። እንዴት ያለ ድምፅ ይልክልኛል ብዬ ተቆጣሁ፤ ከዚያ ለኔ ምን ልዩነት አለው ብዬ ከፈትኩት።

አራት ጊዜ አየሁት። እስከዛሬ አይቼው አላውቅም ማለት ነው፤ እኔ የማየው መስመሩን ነበር።

መጨረሻው ጥሩ ነው። ሁሉ ነገር ከተገለባበጠ በኋላ እትዬ ስምንቴ ይደክማታል። ስምንቱም እጇ ተንጠልጥሎ ብቻዋን ትቀመጣለች። ቆሮሶው ከድንጋይ ጀርባ አጮልቆ ያያታል። ያሳዝነዋል። ቀስ ብሎ መጥቶ አፉን ይከፍታል። አንድ ታጎርሰዋለች። ታስባለች። ሁለተኛ ታጎርሰዋለች። የቀሩትን ስድስት እጆች ወደ ኋላዋ ትደብቃለች። አለቀ።

አንድ ስህተት ግን አለ። በማሳደዱ መሐል የምግቡ ትልቅ ሳህን ሲወድቅ ይፈጥናል። ከባንኮኒ ላይ ሴራሚክ ላይ እንደወደቀ ሳህን ዷ ይላል። ባሕር ውስጥ እኮ ነው! ኢናሜሉን ሳፋ ሞልቼ የስኒ ማስቀመጫ ጣልኩበት። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እያለ ነው የሚወርደው። ሦስታችንም ባሕር አለማየታችን እዚህ ታወቀ። በቀስታ ቢወርድ ቆሮሶው ከሥሩ ገብቶ ምግቡን ልሶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ለመሸሽም ጊዜ ያገኛል። እስከዚያ ምንም ድምፅ የለም። ረዥም ዝምታ። ከዚያ ነው ዷ።

ስልኬን ከፈትኩ። ለናሆም ጻፍኩ፦ ሳህኑ ይፈጥናል። ሳፋ ውስጥ ጥለህ እይ። ሰላምታ አልጨመርኩበትም። ደቂቃ ሳይሞላ መለሰ፦ አሁኑኑ ጋሼ። ተስተካክያለሁም፣ ፀጉሬን።

ቤዛ እስክትመጣ ብቻዬን ሳቅሁ።


ጥቅምት 30፣ እሑድ፣ ማታ 1 ሰዓት

የቀጠሮው ቀን። ሁለት ሳምንት ብያለሁ፤ ቃል ቃል ነው። ቤዛ ዛሬ ቤት ነበረች።

ልክ በ9 ሰዓት መጡ። ተፈራ ያንኑ ኮት። ጉዱን ቤዛ ነግራቸዋለች፤ ተፈራ ከንፈሩን ነክሶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በሩ ጋ ቆሙ። ተቀመጡ አላልኳቸውም። ትንሽ አቆየኋቸው፤ አማቴን አስታውሼ። ቤዛ ከጓዳ ሆና አባዬ ተው እንጂ አለች፤ አፏን አይቼ ነው።

ተነስቼ ሻንጣውን አመጣሁ። ጠዋት በጨርቅ ወልውዬዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩት። ሀጂ፣ ልጅ ልትጠይቁ መስሎኝ ነበር፤ ልጄ ግን እምቢ ብላለች አልኳቸው። ተፈራ እዚህ ላይ አልቻለም። ሲስቅ የኮቱ ቁልፍ ተፈናጠረ። ሀጂ ብቻ ሽምግልናቸውን ሳይለቁ አዳመጡኝ፤ ጢማቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ በወጉ ተናገርኩ። መክሬያለሁ፤ ለልጅዎ ለሀያት ሰጥቻለሁ አልኩ። ወንፊቱን፣ ሁለቱን ዋንጫ፣ ሸራውን፣ ማጠፊያውን፣ ኢናሜሉን ሳፋ። ከነገ ጀምሮ ድምፅ የምትመርጠው እሷ ናት። እኔ እጄን እሰጣታለሁ፤ እጄ ደህና ነው። ጥሩ ካልሆነ ጥሩ አይደለም ትበለኝ፤ ይህን አደራ ይንገሩልኝ፣ እኔ ብነግራት አታምነኝም አልኩ።  ሀጂ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ አሸተው መልሰው አደረጉት። እንደ ልጅዎ ይቁጠሯት አሉ።

የሰጪ ወገን አንድ ነገር የመጠየቅ መብት አለው። ጠየቅሁ። መጨረሻው ላይ፣ እትዬ ስምንቴ ደክሟት ብቻዋን ስትቀመጥ፣ አንዷን የአፍንጫዬን ፉጨት ይተዉልኝ። አንዷን ብቻ። ሌላውን ሁሉ ያጥፉ።

ኦክቶፐስ እኮ አፍንጫ የላትም አለ ተፈራ፣ በመስታወት ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ጮክ ብሎ። ጉርሻስ ታውቃለች? አልኩት።

ተቀመጡ አልኳቸው፤ ተቀመጡ። ልጄን ልድር ተዘጋጅቼ እኔው ተዳርኩ።

ከሄዱ በኋላ ሀጂ ነግረውት ናሆም ደወለ፤ ቤዛ ተቀብላ ነገረችኝ። ፉጨቷ አትጠፋም ብሏል። ፊልሙ ለልጆች ሲታይ ከፊት ወንበር ሊያስቀምጠኝ ፈልጎ ነበር። ፊቴን ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ ልጆቹ አዙሬ እንድቀመጥ ጠይቂልኝ አልኳት። ያን ድምፅ እኔ አልሰማውም። ሲስቁ ግን አያለሁ።

ነገ ሰኞ ነው፣ ጾም አይደለም። ስቱዲዮ ሳልገባ ጨጓራ እገዛለሁ፤ ሀያት መምታት ትልመድ። ሁለት እገዛለሁ። አንድ ያጣላል።